የትሪኮግራማ ካርድ ለወሎ ቆላ፦ ለቲማቲም ይግዙት፣ ለሽምብራ ይተዉት

ትሪኮግራማ ካርድ የሚባለው ዕቃ ሲያዩት ቀላል ነው። መዳፍ የሚያህል ጠንካራ ወረቀት ሲሆን በላዩ ላይ በሙጫ የተያዘ ጥቁር አሸዋ የመሰለ ነገር አለ። አሸዋ የመሰለው የሩዝ የእሳት እራት እንቁላል ነው። በአንድ ካርድ ላይ 1 ሲሲ እንቁላል ይነሰነሳል፤ በቁጥር ከ16 ሺህ እስከ 20 ሺህ ይሆናል። በየእንቁላሉ ውስጥ የምታድገው ግን የእሳት እራቷ ልጅ ሳትሆን ትሪኮግራማ የተባለች ጥገኛ ተርብ ናት፤ ርዝመቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማሳ ውስጥ ስትወጣ የተባይ እንቁላል ፈልጋ ትወጋና የራሷን እንቁላል ትጥልበታለች፤ ትሉ ሳይፈለፈል ይቀራል። ተርብ መባሏ ሊያሰጋ አይገባም። ሰው አትናደፍም፣ ከንብ ቀፎ አጠገብ ብትሰቀልም ንቦቹን አትነካም።

ህንድና ብራዚል በሸንኮራ አገዳ፣ ምዕራብ አውሮፓ በበቆሎ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። እዚህ የምንመዝነው ለቆቦ፣ ለመርሳ፣ ለሐርቡ፣ ለከሚሴና ለባቲ አካባቢ ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ብይኑ ይኸው። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ በመስኖ ለሚለማ ቲማቲም ጥሩ ዕቃ ነው። ለቆላ ማሽላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረዳል፣ ወጪው ግን ከጥቅሙ ጋር በደንብ መመዘን አለበት። በበቆሎ ላይ ላለው መጤ ተምች ብቻውን አይበቃም። ለሽምብራ ጓይ ትል ገንዘብ አይወጣበትም። ለሽንኩርት ትሪፕስማ ጨርሶ አይሠራም፤ ተርቧ የምትወጋው የእሳት እራቶችን እንቁላል ነው፣ ትሪፕስ ደግሞ እንቁላሉን ቅጠሉ ውስጥ ሰንጥቆ የሚጥል ሌላ ዓይነት ነፍሳት ነው። ከሁሉም በፊት ግን ካርዱ የት እንደተመረተና ስንት ቀን እንደሆነው የማይታወቅ ከሆነ ለየትኛውም ሰብል አይግዙት።

ሲገዙ የሚታየው

ካርዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ መድኃኒት አይደለም። በ28 ዲግሪ ገደማ ሙቀት እንቁላሉ ከተወጋ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ይጠቁራል፤ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ተርቧ ቀዳ ትወጣለች። ስለዚህ ካርዱ ከጠቆረ በኋላ በገዢው እጅ ያለው ጊዜ ሦስት አራት ቀን ብቻ ነው። በካርዱ ጀርባ መጻፍ ያለበት እንቁላሉ ለተርቧ የቀረበበት ቀን ነው፤ ካርዱ የታሸገበት ቀን ምንም አይነግርም። ከውጭ በመጣ ካርድ ላይ ደግሞ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይጠይቁ።

ገና ቢጫ ወይም ነጭ የሆነ ካርድ ሻጩ «ነገ ይጠቁራል» ቢልም አይቀበሉ። ላይጠቁር ይችላል፤ ያልተወጋ እንቁላል ከሆነ በማሳው ላይ የሚሰቅሉት የጉንዳን ምሳ ነው። ጥሩ ካርድ ላይ ከ100 እንቁላል 90 ያህሉ ጠቁሮ ይታያል፤ እንቁላሎቹ በአንድ ረድፍ ተነጥፈዋል፣ አልተደራረቡም። በተደራረበ ካርድ የሥረኞቹን እንቁላሎች ተርቧ አትደርስባቸውም፤ ላዩ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ባዶ ነው። የጎደጎዱና የተጨማደዱ እንቁላሎች ከበዙ እንቁላሉ ከመወጋቱ በፊት ደርቋል ማለት ነው።

እርግጠኛው ፈተና ይህ ነው። 100 ያህል እንቁላል ያለበትን ጥግ ቆርጠው በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱና አፉን በጥጥ ይድፈኑ፤ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያኑሩት። ተርቦቹ መውጣት ከጀመሩ ከሁለት ቀን በኋላ 10 ጊዜ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ክብ ቀዳዳ ያላቸውን እንቁላሎች ይቁጠሩ። ከ100 ጥቁር እንቁላል 80ው መቀደድ አለበት፤ ከ60 ካነሰ ካርዱ ይመለስ። በዚያው መነጽር ተርቦቹን ይዩ። ክንፋቸው የተጨማደደ ወይም ክንፍ የሌላቸው ከበዙ፣ ዘሩ ለብዙ ትውልድ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይታደስ ተረብቷል፤ እንዲህ ያለች ተርብ ካርዱ ከተሰቀለበት ቅጠል አልፋ አትሄድም። ከግማሽ በላይ ሴቶች መሆን አለባቸው፤ ወንዶቹ በአንቴናቸው ላይ ባለው ረጅም ፀጉር ይለያሉ፣ ለዚህ ግን ጠንከር ያለ መነጽር ያስፈልጋል።

ዋጋ ሲጠይቁ የአንድ ካርድ ዋጋ ብቻ አይጠይቁ። የአንድ ሺህ ጥቁር እንቁላል ዋጋ ስንት ነው ይበሉ። 8 ሺህ እንቁላል የተነሰነሰበትና 20 ሺህ የተነሰነሰበት ካርድ በስፋት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ።

ማቆየት ካስፈለገ የጠቆረ ካርድ በ10 ዲግሪ እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የሚወጡት ተርቦች ቁጥርና ጉልበት ይወርዳል። የቤት ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህ ለካርዱ ይበርዳል። የአትክልት መሳቢያው ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጠው አይተው ያስገቡ። መብራት ለአንድ ቀን ከጠፋ ፍሪጁ ይሞቅና ተርቦቹ እዚያው መፈልፈል ይጀምራሉ። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ካርድ ማጠራቀም አይመከርም፤ በየሳምንቱ ትኩሱን ማምጣት ይሻላል።

መንገዱም የዕቃው አካል ነው። ከኮምቦልቻ ቆቦ ለመድረስ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳንና ወልድያን ማለፍ አለ፤ በአንድ ጉዞ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ይወረዳል። ካርዱ በሹፌሩ መስታወት ሥር ወይም በሞተር ክዳን ላይ ከተቀመጠ ይቀቀላል፤ 35 ዲግሪ ካለፈ ጉዳቱ ይጀምራል። በአይስ ቦክስ ይጓዝ፤ በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ካርዱን ሳይነካ ይቀመጥ። ላብ እንዳይዘው ካርዱን በጋዜጣ ይጠቅልሉት። በፕላስቲክ ከታሸገ የሚጠራቀመው እርጥበት ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ እንቁላሉም ይረግፋል።

የሚመረትበት ክፍል

ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ካርዱ ከሩቅ የሚመጣ ሳይሆን በቅርብ የሚመረት ዕቃ መሆን አለበት የሚል ነው። ሕያው ነፍሳትን ከውጭ ማስገባት የኳራንቲን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ለሌላ አገር አየር የለመደች ተርብ ለቆቦ ግንቦት አትመችም። ዘሩን ከራስ ማሳ መያዝ ይቻላል። ትኩስ የሩዝ እሳት እራት እንቁላል የተለጠፈባቸውን ትናንሽ ካርዶች ኬሚካል ባልተረጨ ቲማቲም ወይም በቆሎ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሰቅሎ መልሶ ማምጣት ነው፤ ከአራት ቀን በኋላ የጠቆረ ከተገኘ የአካባቢው ተርብ ገብታበታለች። ዝርያዋን ግን ባለሙያ ይለይ፤ በአቅራቢያ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ያልታወቀ ተርብ ማባዛት አይገባም።

ለማርቢያ ክፍል የሚፈለገው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀትና 70 ከመቶ ገደማ እርጥበት ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍሉ ሌሊት ካልተሞቀ የእሳት እራቷ ዕድገት ይጓተታል። ቆቦ ደግሞ በበጋው መጨረሻ ከመጠን በላይ ትሞቃለች። በመሃል ያሉት ኮምቦልቻ፣ ስሪንቃና መርሳ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ኮርኒስ ያለው ክፍል ሙቀቱ ቶሎ አይለዋወጥም፣ ቆርቆሮ ብቻ ያለበት ክፍል ግን ቀን ያነዳል ሌሊት ይበርዳል።

ክፍሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ ለእሳት እራቷ፣ ሌላው ለተርቧ። የተርቧ ክፍል ውስጥ የገባ ሰው በዚያው ቀን ወደ እሳት እራቷ ክፍል አይመለስም፤ ካስገደደው ጋዋኑን ይቀይር። ጥቂት ተርቦች በልብስ ተሳፍረው ከተሻገሩ ለካርድ የታሰበውን እንቁላል ሳይሰበሰብ ይጨርሱታል።

የእሳት እራቷ ምግብ ማሽላ ነው፤ ወሎ ለዚህ አትቸገርም። ለአንድ ሳጥን 2.5 ኪሎ ግራም ማሽላ ይሸረከታል። አይፈጭም፤ ዱቄት ከሆነ ይታፈንና ይሻግታል። የተሸረከተው በ100 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በኦቨን ይጋገራል፤ ይህ ከጎተራ አብሮ የመጣውን ነቀዝና እንቁላሉን ይገድላል። ሲቀዘቅዝ 100 ግራም የለውዝ ዱቄት፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾና 5 ግራም በውኃ የሚሟሟ የድኝ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ድኙ ማይት የሚባሉትን፣ በዓይን እንደ ብናኝ የሚታዩ ጥቃቅን ተሳቢዎች ለመከላከል ነው። ባክቴሪያ ለመከላከል ጥቂት ስትሬፕቶማይሲን በውኃ ተበጥብጦ ይረጫል፤ ከተረጨ በኋላ ግን የተሸረከተው ማሽላ አየር ላይ ይድረቅ።

በዚህ ላይ 0.5 ሲሲ የእሳት እራት እንቁላል ይነሰነስበታል። ብዙ እንቁላል መጨመር ብዙ እራት አያመጣም። ትሎቹ ከበዙ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለው ሙቀት ከክፍሉ በብዙ ይበልጣል፣ ምግቡም ቀድሞ ያልቃል፣ የሚወጡት እራቶች ትንንሽ ይሆናሉ፤ ከትንሽ እራት ትንሽ እንቁላል፣ ከትንሽ እንቁላል ደካማ ተርብ ይወጣል። ሳጥኑ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ይሸፈን፣ ጠርዙም ይታሰር። መደርደሪያው እግሮቹ ውኃና ጥቂት ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይቁሙ፤ ይህ ካልተደረገ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ሳጥን ሙሉ ያወጣል።

የመጀመሪያዎቹ እራቶች ከ40 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያሉ፤ ሳጥኑ እስከ 90ኛው ቀን ገደማ ያስወጣል። ከዚያ በኋላ ምንም እንኳ እራት ቢወጣ ሳጥኑ ይወገድ፤ የቆየ ሳጥን የማይትና የእሳት እራቷን ትል የምታጠቃው የብራኮን ተርብ መናኸሪያ ነው። ምርቱ እንዳይቋረጥ በየሳምንቱ አዲስ ሳጥን መጀመር ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ 20 ሳጥን ጀምሮ ከዚያ መጠበቅ የብዙዎች ስህተት ነው፤ ለሁለት ወር የእንቁላል ጎርፍ፣ ቀጥሎ ድርቅ ይሆናል።

እራቶቹ በየማለዳው ተሰብስበው ከሥሩ ወንፊት ባለው የእንቁላል መጣያ ዕቃ ውስጥ ይገባሉ። ማርና ውኃ እኩል ተደባልቆ በጥጥ ይሰጣቸዋል። በአራት ቀን ውስጥ 100 ጥንድ እራቶች 1.5 ሲሲ ያህል እንቁላል ይጥላሉ። ስለዚህ ለአንድ ሄክታር ለአንድ ጊዜ የሚበቃ 5 ሲሲና ለዘር የሚቀር 1 ሲሲ ለማግኘት 400 ጥንድ እራት ያስፈልጋል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ ለገበሬ ቀጠሮ የሚሰጡ አምራቾች ማሳው በተባይ በተወረረበት ሳምንት እጃቸው ባዶ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሠራተኛው ጤና መነሣት አለበት። ከእራቶቹ ክንፍ የሚረግፈው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ አስምና አለርጂ ያስነሣል። አፍና አፍንጫን ጥብቅ አድርጎ የሚሸፍን ማስክ ግዴታ ነው፤ ነጠላ ተጠምጥሞ መግባት አይበቃም። ክፍሉ ይወለወላል እንጂ በደረቁ አይጠረግም።

የተሰበሰበው እንቁላል በተለያየ ወንፊት ተነፍቶ ብናኙና የእራቷ እግርና ክንፍ ይለይለታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። እንቁላሉ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ውስጡ ያለው ፅንስ ይገደል፤ 15 ዋት ቱቦ ከሆነ ከ12–15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ለ45 ደቂቃ። ይህ ካልሆነ ያልተወጉት እንቁላሎች ካርዱ ላይ ይፈለፈሉና ትሎቹ ጎረቤታቸውን የተወጋ እንቁላል ይበላሉ። መብራቱ ሲበራ በዓይን መመልከትም ሆነ እጅን ሥሩ ማድረግ አይገባም።

ካርዱ በቀጭኑ የግራር ሙጫ ይቀባል፣ እንቁላሉ በወንፊት ይነሰነስበታል፣ ትርፉ በላባ ይጠረጋል። ከዚያ ለአንድ ተርብ ስድስት እንቁላል በሚደርስ ሂሳብ መፈልፈል ከጀመረ የዘር ካርድ ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ተርብ ከበዛ በአንድ እንቁላል ውስጥ ሁለትና ሦስት ይጣላሉ፤ የሚወጡት ድንክዬዎች ናቸው፣ ወንዶቹም ይበዛሉ። ተርብ ካነሰ ካርዱ ዥንጉርጉር ይሆናል። ተርቦች ወደ ብርሃን ስለሚሄዱ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ የካርዱ ግማሽ ይጠቁርና ግማሹ ይቀራል፤ ዕቃውን በየጥቂት ሰዓቱ ማዞር ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ብራኮን ሄበተር የምትባለው ሌላ ጥገኛ ተርብ ናት። የእሳት እራቷን ትል ትወጋና ታደነዝዛለች፣ ሳጥን ሙሉ ትል በአንድ ሁለት ሳምንት ያልቃል። በሳጥኑ ጥግ ነጫጭ የድር ጎጆዎችና ያልተንቀሳቀሱ ትሎች ከታዩ ያ ሳጥን በዚያው ሰዓት ከክፍሉ ወጥቶ ይቃጠል ወይም በፈላ ውኃ ይገደል። ለአንድ ሳጥን መሳሳት ክፍሉን በሙሉ ያሳጣል። ማይት የያዘውም ሳጥን እንዲሁ ነው።

ማሳ ላይ

የተለመደው መጠን በአንድ ጊዜ ለሄክታር ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ተርብ ነው። ላይኛውን ከወሰድን ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 25 ሺህ ይደርሳል። ተርቧ ካርዱ ከተሰቀለበት ከ10 ሜትር ብዙም አትርቅም። ስለዚህ 20 ሺህ ያለበትን ካርድ በ20 ቁራጭ ከፍሎ፣ ከሁለተኛ ካርድ 5 ቁራጭ ጨምሮ፣ በየ10 ሜትሩ 25 ቁራጭ መስቀል ነው። አንድ ካርድ በሙሉ በማሳው መሃል የሚሰቅል ሰው መሃሉን ብቻ ይጠብቃል።

ቁራጩ ከቅጠሉ ሥር፣ እንቁላሉ ወደ ታች ዞሮ በስቴፕለር ይያዝ። ፀሐይና ዝናብ አይነካውም። ከሰብሉ ቁመት መሃል ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሰቀል፣ ተርቦቹም በማግስቱ ማለዳ እንዲወጡ የቀረበ ካርድ ይሁን። ጥቁር ሆኖ ሦስት ቀን ማሳ ላይ የሚቆይ ካርድ ጉንዳንና ሸረሪት ይጨርሱታል፤ ካርዱ «አልሠራም» ከሚባልበት ምክንያት አብዛኛው ይህ ነው። በሁለተኛው ቀን ዞሮ ማየት ይገባል፤ ቁራጩ ላይ ቀዳዳ ያላቸው ቅርፊቶች ከቀሩ ወጥተዋል፣ ሙጫው ብቻ ከቀረ ተበልቷል።

በሳምንት አንድ ጊዜ እየተሰቀለ ከ4 እስከ 6 ዙር ይደጋገማል። ተርቧ በሙቀት ከጥቂት ቀን በላይ አትኖርም፣ የተባዩ እንቁላል ደግሞ በሦስት አራት ቀን ይፈለፈላል፤ በመሃል ክፍተት ይፈጠራል። አምራቹ በሁለት ቀን የሚለያዩ ሁለት ዕድሜ ካርዶችን እንዲሰጥ ጠይቆ አቀላቅሎ መስቀል ክፍተቱን ይሞላል።

ላምዳ-ሳይሃሎትሪን፣ ፕሮፌኖፎስ ወይም ማላታይን የተረጨ ማሳ ላይ ካርድ አይሰቀልም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ጎረቤት የሚረጭ ከሆነም ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ ይታይ። በግሪሳ ወፍ ወይም በአንበጣ ሰበብ ከአውሮፕላን ርጭት ሊኖር እንደሚችል ከቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ ካርድ ማዘዝ አያዋጣም። ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ያለበት ባክቴሪያዊ መድኃኒት ግን ተርቧን አይጎዳም፤ አምልጠው ለተፈለፈሉት ትሎች አብሮ ይረጫል።

በየሰብሉ

ቲማቲም። ጓይ ትል እንቁላሉን ነጠላ ነጠላ አድርጎ ከአበባው አጠገብ ባሉ ቅጠሎች ላይ ይጥላል፤ ለተርቧ የተጋለጠ ነው። ትሉ ፍሬው ውስጥ ከገባ በኋላ ርጭቱም አያገኘውም፤ ስለዚህ በእንቁላሉ ላይ መዝመት ትርጉም አለው። የፌሮሞን ወጥመድ (በሴቷ ሽታ ወንዱን እራት የሚስብ) ተክሎ የመጀመሪያው ወንድ እራት ሲያዝ ወይም የመጀመሪያው አበባ ሲታይ ይጀመር። የቲማቲም ቅጠል ፀጉር ተርቧን ያዘገያታል፤ ስለዚህ ካርዱን በ40 ከፍሎ በጥማድ 50 ቁራጭ በየ7 ሜትሩ ማድረግ ይሻላል፣ ድምሩ ያው 25 ሺህ ነው። በቦይ የሚጠጣ ማሳ ይመቻል፤ በስፕሪንክለር የሚጠጣ ካርዱን ያጥበዋል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ሌላው የቲማቲም ተባይ ካለም ተርቧ እንቁላሉን ትወጋለች፣ ግን የዝርያው ምርጫ ይለያያል፤ ለጓይ ትል የተመረተው ካርድ ለቱታ ተብሎ ሲሸጥ ማስረጃ ይጠየቅ። በአትክልት ላይ የሚወጣው ወጪ ከገበያው ዋጋ ጋር የሚመጣጠነውም እዚህ ነው፤ ለገበያ በቀረበበት ሳምንት ኬሚካል ያልነካው ፍሬ ለሚበላው ሕዝብም ትልቅ ነገር ነው።

ማሽላ። እዚህ መጀመሪያ የትኛው አገዳ ቆርቁር እንዳለ መለየት ይቀድማል። በቆላው የሚበዛው ካይሎ ፓርተለስ እንቁላሉን በቅጠሉ ገጽ ላይ ስለሚጥል ተርቧ ታገኘዋለች። ወደ ወይና ደጋው ሲወጡ የሚበዛው ቡሲዮላ ፉስካ ግን በቅጠሉ እቅፍና በአገዳው መካከል ይደብቀዋል፤ ካርዱ ብዙ አይረዳም። አገዳውን ሰንጥቆ ትሉን ማየት ነው፤ ጀርባው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ጥቁር ነጠብጣቦች ጎልተው ከታዩ ካይሎ ነው፣ ለስላሳና ቀላ ያለ ከሆነ ቡሲዮላ። ለካይሎ ማሽላው በበቀለ ከ15–20 ቀን ላይ ይጀመር። እንደ ደገለትና ጅጉርጢ ያሉ ብዙ ወር የሚቆዩ የአካባቢው ማሽላዎች ላይ ግን ስድስት ዙር ካርድ የሰብሉን ዕድሜ አይሸፍንም። እዚህ ላይ በነፃ የሚሠራ ሌላ ተርብ አለ፤ ኮቴሲያ ፍላቪፐስ። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ውስጥ የተለቀቀች ስትሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ሳትለቀቅ ራሷ ገብታ ተገኝታለች። በተሰነጠቀ አገዳ ውስጥ ከሞተ ትል አጠገብ ተሰባስበው የሚገኙት ነጫጭ የጥጥ ፍሬ የሚመስሉ ጎጆዎች የእሷ ወይም የዘመዶቿ ናቸው፤ እነዚህ ባሉበት ማሳ ርጭት ከካርዱ ማነስ የበለጠ ጉዳት ነው። አገዳውን ለከብት ከመከመር በፊት ለአራት ሳምንት ያህል በፀሐይ ዘርግቶ መተውም የተደበቀውን ቆርቁር ይቀንሳል፣ ገንዘብ አያስወጣም።

በቆሎ። መጤ ተምች በ2017 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ገባ። እንቁላሉን ከ100 እስከ 200 አድርጎ በመደራረብ ይጥልና በፀጉር ይሸፍነዋል። ትሪኮግራማ የላዩን ረድፍ ብቻ ትደርሳለች፤ የሥሩ ይፈለፈላል። ሥር ድረስ የምትገባው ቴሌኖመስ ሬመስ የምትባለው ናት፣ ግን እሷን ለማርባት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ተምቹን ወይም ዘመዶቹን ማርባት ይጠይቃል፤ የተምቹ ትሎች እርስ በርስ ስለሚበላሉ በየነጠላ ዕቃ ይያዛሉ፣ ጉልበትና ዋጋው ይወጣል። በ2017ቱ አሰሳ በኢትዮጵያ ከተገኙት ጥገኛ ተርቦች ዋነኛዋ ኮቴሲያ አይሲፔ ስትሆን ከ33 እስከ 45 ከመቶ የሚሆነውን ትል ወግታ ተገኝታለች። ይህን የሚያህል ሥራ የምትሠራ ተርብ በማሳው ካለች ለበቆሎ ካርድ ከመግዛት በፊት ርጭቱን መመጠን ይቀድማል።

ሽምብራ። የሽምብራ ቅጠል የሚያመነጨው አሲድ ተርቧን ያባርራል ወይም ይገድላል። ጓይ ትሉ ያው የቲማቲሙ ቢሆንም ካርዱ እዚህ አይሠራም።

ስለ ጆንያው አንድ ነገር

ከካርዱ ጋር አብሮ የሚነገርለት ሌላ ዕቃ አለ፤ የብራኮን ጆንያ። በኒጀር፣ በማሊና በቡርኪና ፋሶ ለዳጉሳ መሰሉ ሰብላቸው፣ ለፐርል ሚሌት የዛላ ትል ይጠቀሙበታል። በትንሽ የጁት ከረጢት ውስጥ ጥቂት እህልና ዱቄት፣ 25 የሩዝ እሳት እራት ትሎችና 2 ከወንድ ጋር የተገናኙ ሴት ብራኮኖች ይገባሉ፤ ለአንድ መንደር 15 ከረጢት ይሰቀላል፣ አዳዲሶቹ ተርቦች በጆንያው ቀዳዳ ይወጣሉ። ፍሪጅ አይፈልግም፣ አልትራቫዮሌት አይፈልግም፣ ገበሬው ራሱ ይሠራዋል። በወሎ ግን ያ ሰብልና ያ ተባይ በስፋት ስለሌሉ እንዳለ ማምጣቱ አይጠቅምም። ቦታ ቢኖረው በጎተራ ውስጥ ለሚራቡ እሳት እራቶች ነው። የካርድ ማርቢያ ክፍል ባለበት ግቢ ውስጥ ግን ይህ ጆንያ እንዳይገባ፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል።

ካርዱን መጀመሪያ ለሚሞክር ማኅበር ሁለት ጥማድ ቲማቲም ይበቃል፤ አንዱ ካርድ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት፣ በመካከላቸው ቢያንስ 200 ሜትር ይኑር፣ ካርድ የሌለበት ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ይሁን። ካርዱ ከተሰቀለ ከሦስት ቀን በኋላ ከሁለቱም ማሳ 50 የጓይ ትል እንቁላል ከነቅጠሉ ተቆርጦ በጠርሙስ ይቀመጥ። ሲጠቁሩ ይቆጠሩ። ካርድ ባለበት ማሳ የጠቆረው ካርድ ከሌለበት በግልጽ ካልበለጠ ቀጣዩን ዙር ከመክፈል በፊት አምራቹ የካርዱን ቀንና የፍልፈላውን ቁጥር ያሳይ።